የማሬ ቤት የተነሣ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ከጨንቻ ዝቅ ብሎ ባለው ጋራችን ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት፣ አመሻሽ ላይ ጉሙ ቀርከሃውን ሸፍኖ ወደ ደጃችን ሲወርድ እኛ የሰፈሩ ልጆች አባባ ቶማ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አባባ ቶማ ሸማኔ ነበሩ። ያኔ መብራት ስላልገባልን፣ ዓይናቸው ድሩን መለየት ሲያቅተው ሥራቸውን ትተው፣ ኩራዙን ለኩሰው እሳቱ ዳር ይቀመጣሉ፤ እኛም ከፍሙ የወጣ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን፣ ጭሱ እያስለቀሰን፣ ያንኑ አንድ ታሪክ እንዲደግሙልን እንለምናቸዋለን። የማሬን ታሪክ።

ማሬ ልጅ ያልወለደች ባልቴት ነበረች። ቤቷ ከአርባ ምንጭ የሚወጣው አቀበት በሚያልቅበት፣ ሁለቱም ሐይቆች ቁልቁል በሚታዩበት ጫፍ ላይ ነበር። ከቆላ ጥጥ ተሸክሞ የወጣ ሁሉ ደጇ ላይ አርፎ፣ ውኃዋን ጠጥቶ፣ ቆጮዋን ቀምሶ ያልፋል። በዚያ ዘመን ቆላ የወረደ ብዙ ሰው በወባ ታሞ ይመለስ ነበርና፣ ሕመሙ የሚጋባ እየመሰለው ሰው ከበሽተኛ ይሸሻል። አንድ ዝናባማ ምሽት ሁለት ወጣት ሸማኔዎች ጥጥ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ አንዱ በትኩሳት ወደቀ፤ ሌላው ፈርቶ ጥሎት ሄደ። ማሬ የሰው ሲቃ ሰምታ ወጣች፤ የወደቀውን አዝላ አስገባችው፤ እስኪድንም አስታመመችው።

«ከዳነ በኋላስ?» እንላለን።

«ከዳነማ አገባ፣ ወለደ፣ ከበደ።»

«ጥሎት የሄደውስ?» እላለሁ እኔ፣ ሁልጊዜ።

አባባ ቶማ እሳቱን መቆስቆስ ይጀምራሉ። «እሱን ተይው፣ ልጄ። የእሱ ነገር አይወራም።»

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንግዶች ጋራችንን ለማየት መምጣት ጀመሩ። መንደሩ ማኅበር አቋቁሞ በቀርከሃ ቤት የሚያሳድርበት ማረፊያ ለመሥራት ተነሣ፤ መምህር የነበረው አባቴ ሳሙኤልም ሰብሳቢ ሆነ። መኪና የሚቆምበት ሜዳ ያስፈልግ ነበር። ሜዳ ያለው ደግሞ ማሬ ከሞተች ጀምሮ ባዶውን የቆመው ቤቷ ጋ ብቻ ነው። ቤቱ እንዲፈርስ ተወሰነ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ አባባ ቶማ ቀድመዋቸው ገብተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አባባ፣ ይውጡልን እንጂ። ምስጥ የበላው ቤት ነው፣ ይወድቅብዎታል።»

«ተቀመጥ፣ ሳሙኤል።»

አባቴ ወደ ውጭ፣ ወደሚጠብቁት ሰዎች ተመለከተና ተቀመጠ።

«ማሬ አዝላ እዚህ ያስገባችው አባትህን ነው» አሉት።

አባቴ ደነገጠ። «አባቴን? አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም እኮ!»

«እንዴት ይነግርሃል? ቢነግርህ፣ ጥሎህ የሄደው ማን ነው ብለህ ትጠይቀው ነበር። እኔ ነኝ። ስሜን እየጠራ ሲለምነኝ እየሰማሁ ሄድኩ። ጥጡን ተሸክሜ ጓደኛዬን ጣልኩት።»

በሩ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ሁሉ ሰሙ። እኔ የአባቴን ክንድ ያዝኩ።

«ሲሻለው ቤቴ መጣ። ሊመታኝ መስሎኝ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አነሣኝና ‹ላገባ ነው፣ ሚዜዬ ሁን› አለኝ። እስኪሞት ለማንም አልተናገረም።»

አባቴ ተንበርክኮ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመና ወጣ።

«መጥረቢያችሁን አስቀምጡ» አለ። «ቤቱ አይፈርስም። ይነሣል።»

በአገራችን ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ያን ዕለት ከገበያ የሚመለሰው ሳይቀር ሸክሙን እያወረደ ገባበት። ወንዶቹ ከሥሩ አጣና አስገብተው በዘፈን ብድግ ሲያደርጉት፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ያ ትልቅ ቤት እንደ ዝሆን እየተወዛወዘ፣ ሜዳውን ለመኪናው ለቆ ወደ ገደሉ ጫፍ ሲራመድ፣ አባባ ቶማ ከኋላው በምርኩዛቸው ይከተሉ ነበር። የማረፊያው የመጀመሪያ እንግዶች ያደሩት በዚያ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲያም ማታ ማታ እየሄድን ታሪኩን እንሰማ ነበር። አሁን ግን «ሌላው ፈርቶ» ማለት ቀርቶ «እኔ ፈርቼ» ሆነ፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኛም ድንቻችንን ማላመጥ እናቆማለን።

አድጌ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ለዕረፍት በመጣሁበት ጊዜ፣ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳቸው። የአያቴን ስም ብቻ ቢጠሩ አባቴ ቤቱን አያፈርሰውም ነበር። የራሳቸውን ማን ጠየቃቸው?

ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ ዛሬም ድረስ አብሮኝ ያለው ያን ቀን የመለሱልኝ ነው።

«አባትሽ ቁርጥ አባቱን ነው» አሉኝ። «እዚያው ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። ስሜን ደብቄ እንደገና ጥዬው ልሂድ?»