ከማማው እስከ ቁርቁራው

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሽቦ የማን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣ የአደጋ መርማሪ ነው። ፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሽቦ ይዞ። ከኋላው የኛ ማሽላ ተደፍጥጧል፤ መሀሉ ላይ ያቺ ቢጫ አውሮፕላን በአፍንጫዋ ተተክላለች። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰውየው ትልልቆቹን ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል፣ ሁሉም «እኛ እንጃ» ብለውታል። ልጅ አይዋሽም ብሎ ነው መሰለኝ ወደኔ የመጣው። አባቴ ከሰውየው ትከሻ በላይ ያየኛል። አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝም። ዝም ብሎ ያየኛል።

«አላውቅም» አልኩ።

ሰውየው ጻፈ፣ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ሄደ። በቃ።

ሽቦው የኔ ነበር።

በኛ ወረዳ፣ ቀወት ውስጥ፣ ማሽላ የዘራ ሰው ግሪሳን ያውቃል። ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት፣ ብቻዋን ምንም አትጎዳም። ግን ብቻዋን አትመጣም። ማሽላው ወተት ሲይዝ ሰማይ አጥቁራ ነው የምትመጣው፣ አንድ ጠዋት ከተዘናጋህ የሚቀርልህ አገዳ ነው። ስለዚህ ማሳው መሀል ማማ ይሠራል፣ ልጅ ማማው ላይ ይወጣል፣ ወንጭፍ ይዞ ከጎህ እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል። ልጅ ስል ትምህርት ቤት መሆን የነበረበትን ልጅ ነው። ጥቅምት ላይ ክፍላችን ግማሹ ባዶ ነበር። አስተማሪዎቹም ለምደውት ስም እንኳን አይጠሩም።

እኔ ደግሞ መቅረት አልወድም። ያኔ አስፋልቱ ዳር የድሮ ስልክ እንጨት ወድቆ፣ አባቴ ሽቦውን ጠቅልሎ ቤት አምጥቶት ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አልኩት፦

«አባዬ፣ ይሄን ከማማው እስከ ቁርቁራው እንወጥረው። ጣሳ እናንጠልጥልበት። እማዬ ቤት ሆና በገመድ ትጎትተዋለች፣ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

«አንቺ ተንኮለኛ!» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ቁርቁራው ዛፍ ላይ ወጣ። ስር ቆሜ ቦታውን በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ። «ከፍ አድርገው፣ አሁንም ከፍ» ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ድምፁ ራቅ ብሎ እንዲሰማ።

ሠራ። ጣሳው ሲንኳኳ ግሪሳው ከኛ ማሳ ተነስቶ ጎረቤት ይሰፍራል። ጎረቤታችን ሽማግሌው አጥራችን ላይ መጥተው «ይቺ ልጅ ወፉን እኛ ላይ ነዳችው እኮ!» ብለው ተቆጡ፣ ከዛ እሳቸውም ወጠሩ። ከሳቸው ቀጥሎ ያለውም ወጠረ። ወሩ ሳያልቅ ሰፈሩ በሙሉ ጣሳ በጣሳ ሆነ።

ለግሪሳው መድኃኒት የምትረጨው አውሮፕላን የመጣችው ከዛ በኋላ ነው። ግሪሳው የሚያድረው ወንዙ ዳር ደንገሉ ውስጥ ነው፣ መድኃኒቱም የሚረጨው ወፉ ሊያድር ሲሰፍር፣ አመሻሽ ላይ ነው። ቀበሌው ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ለፈፈ። «ከብት ሰብስቡ! ውሃ ክደኑ! ቀፎ ዝጉ!» ሽቦ አውርዱ ያለ የለም። ማሳ ለማሳ ዞሮ ያየ የለም። ባጃጁ ከመንገዱ አልወጣም። ማንም ሰው አሥር ደቂቃ በእግሩ ቢሄድ ኖሮ ጣሳዎቹ ራሳቸው ይነግሩት ነበር።

ሁለቴ ደህና ተመላለሰች። እኛ ልጆች እንጨፍራለን። ሦስተኛው ላይ ፊቷን ወደ ጀምበር አዙራ መጣች። ጀምበር ተራራው ጫፍ ላይ ሆና ዓይን ውስጥ የምትገባበት ሰዓት ነው። ቁርቁራውን አለፍ ስትል ጣሳዎቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ። እናቴ አልጎተተችም፣ አጠገቤ ነበረች።

አብራሪውን ጎትተው አወጡት። አልሞተም። እግሩ ተሰብሮ፣ ፊቱ በደም ተሸፍኖ «ሽቦ… ሽቦ አለ» ይላል። ቃሬዛ ሲሠሩለት፣ ተሸክመው አስፋልት ሲያደርሱት፣ ሮቢት ከተማ የሚወስደው መኪና ላይ ሲጭኑት እሱን ብቻ ነው የሚደጋግመው። አንድም ሰው «ምን አልክ?» አላለውም። መድኃኒቱ ልብሱ ላይ ፈሶ ይከረፋል። አንዱ ተሸካሚ አፍንጫውን ይዞ «አረቄ አረቄ ይሸታል» አለ። በቃ፣ ተገኘ! ሰክሮ ነው። ቃሬዛው አስፋልት ሳይደርስ ሰውየው ሰካራም ሆኖ አለቀ።

ሲመለሱ ሽቦውን ሁሉ አወረዱ። ለአረም ለምነነው የማይወጣ ሰው ለዚህ ደቦ ወጣ። ጠቅልለው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። «የሮቢት እስር ቤት ቅርብ ነው፣ ስንቅ የምታመላልሱልኝ እናንተ ናችሁ» አለ አባቴ። አውሮፕላኗ እግር ላይ የተጠመጠመው ቁራጭ ብቻ ቀረ፣ መርማሪው በማግስቱ የያዘው።

ከዛ ወዲህ አሥራ ምናምን ዓመት አልፏል። የአውሮፕላን ጥገና ተማርኩ። ለምን እንደመረጥኩት የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ስለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች አደጋ ሲያስተምር የኛን ማሽላ አነሳ። ቦታውን በስሙ ጠራ። «የአብራሪ ስህተት» አለ። ፀሐይ ፊቱ ላይ እያለች ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ በረረ። የሽቦው ባለቤት አልታወቀም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እጄን አላወጣሁም። የመርማሪው ጊዜ ልጅ ነበርኩ ልበል። ይሄኛውስ?

ከዛ በኋላ ያገኘሁትን የአደጋ ሪፖርት ሁሉ አነበብኩ። ሰው የሚፈራው ሞተሩን ነው፣ አንድ ብቻ ስለሆነ። ሞተር ሲቆም ግን አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ከፍታ ካለው፣ መኪና ከጣርማ በር ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ እንደሚወርደው እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ አብራሪውም ሜዳ ይፈልጋል። መድኃኒት የሚረጨው ግን ዛፍ ለዛፍ ነው የሚበረው፣ ከፍታ የለውም፣ ጊዜም የለውም። እሱን የሚገድለው ሽቦ ነው። ሽቦ ከላይ አይታይም። ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ሽቦው እዛ መኖሩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቀው አብራሪው ብቻ ነው።

ዘንድሮ ተመርቄ ቤት ገባሁ። ሥራ እየጠበቅኩ ነው። ሮቢት መናኸሪያ ስወርድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጠራኝ።

«ተመረቅሽ አሉ! አብራሪ ሆንሽ?»

«ጥገና ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልትጠግኚ? በይ ይቺን ባጃጅ እያት፣ ስታቃስት ነው የዋለችው።»

አየሁለት። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ቆሽሾ ነበር። እያጸዳሁ ሐሙስ አውሮፕላን እንደሚመጣ ነገረኝ፣ ግሪሳው ዘንድሮ ብሷል።

«እንደዛኛዋ ባለ አንድ ሞተር ናት አሉ። ሞተሯ ቢቆምስ?»

«ያንተ ባጃጅ ስንት ሞተር አላት?»

«እሷ ብትቆም እወርዳለኋ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰፈር ስንደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ሽቦው ተመልሷል። እንደውም በዝቷል፣ ቁርቁራው ብቻ ሦስት ታስሮበታል። አንዱ የኛ ነው፣ ያው ከጉድጓዱ የወጣው።

«አባዬ፣ ሐሙስ ሳይደርስ እናውርደው» አልኩት።

«ዛሬ ካወረድን ግሪሳው እስከ ሐሙስ ይጨርሰናል። እነሱ ደግሞ ሐሙስ ብለው እሑድ ነው የሚመጡት።»

«እሺ ቢያንስ እንናገር። ለአብራሪው ያሳዩት፣ ሽቦው እስኪወርድ ይጠብቅ።»

«ከተናገርሽ ያኔስ ይላሉ። የያኔው ሽቦ የት ገባ ይላሉ።»

«ይበሏ!»

«ማን ጠየቀሽ አንቺን?»

«ሰውየው ጠይቆኛል! ቁጢጥ ብሎ ነው የጠየቀኝ! ሰካራም ተብሎ ቀረ እኮ አባዬ!»

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ።

ከሁሉ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ለኔ ብሎ ነው የወጠረው፣ ለኔ ብሎ ነው የቀበረው። ሽቦው ባይኖር ማማ ላይ ቀርቼ ነበር። አንድ ሰው እግሩንና ስሙን ከፍሎ ነው እኔ የተማርኩት። «ላንቺ ብዬ» ሲሉኝ ታዲያ ምን ልበል? አመሰግናለሁ? በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ረቡዕ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ በኔ ዕድሜ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ቅጽ ይዟል።

«ማሳው አካባቢ አውሮፕላን የሚያደናቅፍ ነገር አለ? ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ረጅም ዛፍ?»

ጎረቤታችን ሽማግሌው ተነሱ። «የለም ልጄ። ንጹህ ሜዳ ነው።»

እሳቸው ይሄን ሲሉ ነፋስ መጣና ከወዲያ ጣሳ ተንኳኳ። ሁላችንም ሰማን። ባለሙያውም ሰማ፣ ቀና አለ፣ ከዛ ቅጹ ላይ ምልክት አደረገ። ያን ጊዜ አንዱ ከኋላ «ብቻ ያልጠጣ ሰው ላኩልን! ያኛው ሰክሮ ነው የወደቀው!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ባለሙያውም ሳቀ።

ተነሳሁ። ስብሰባውን የሚመራው ሰውዬ በእስክሪብቶው ጠቆመኝ።

«እህ፣ የኔ ልጅ። ጥያቄ ነው አስተያየት?»

«መልስ ነው።»

አባቴ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ያኔ እንዳየኝ አየኝ። እኔም አየሁት፣ ዓይኔን ግን አልሰበርኩም።

«ያኔ አውሮፕላኗን የጣለው ሽቦ የኔ ነው» አልኩ። ጮክ አድርጌ ደገምኩት። «የኔ ነው! ከማማው እስከ ቁርቁራው፣ ከፍ አድርገው ብዬ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። አብራሪው አልሰከረም። ሽቦ አለ እያለ ሲጮህ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዛሬም አለ። ቅጽህን ያዝና ተነስ፣ አንድ በአንድ ላሳይህ።»