ዝገት መሆኑን ያመነው ባለሙያ

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሽጉጥ ሲያጠቁር ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቹ ጋሽ ጥቁሬ ይሉታል፤ ስሙ የወጣለት ከመልኩ ሳይሆን ከሥራው ነው። የሚሠራው ባንክና መጋዘን በሚያስጠብቅ ድርጅት ውስጥ ነው። ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጀርባ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል አለችው። ክፍሏ ውስጥ ሁለት የብረት ገንዳ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና እርጥብ ፎጣ የሚሰቀልበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን አሉ። የድርጅቱ አርባ ሁለት ጥበቃዎች አርባ ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይታጠቃሉ። በሱ እጅ ያላለፈ ሽጉጥ የለም።

ማጥቆር ሲባል ቀለም መቀባት የሚመስለው ሰው አለ። «ጋሼ፣ የኔንም ቀለም ቀባልኝ» ያለ ጥበቃ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ሲነፈግ ይከርማል። ቀለም የለበትም። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ ተቀቅሎ፣ ቅባቱ ከለቀቀ በኋላ አሲድ ያለበት ውሃ በስሱ ይነካዋል። ከዚያ እርጥቡ ሳጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ቀይ አቧራ የመሰለ ዝገት ለብሷል። ያ ቀይ ነገር የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል። በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይጠረግና እንደገና አሲድ፣ እንደገና ሳጥን፣ እንደገና ፍል ውሃ። ስምንት ጊዜ። ዘጠነኛው ቀን ዘይት ይጠጣል።

«ቁራ አይተህ ታውቃለህ?» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። «ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። እንደዚያ ካልሆነ አልጠቆረም፣ ጠልሽቷል።»

ሁሉም ሰው ግን ቁራ አይወድም። ከጥበቃዎቹ በቁመቱ የተነሳ ሰንደቁ የሚባለው ነገረኛ፣ ሽጉጤ በሚያብለጨልጨው ኒኬል ካልተለበጠ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበር።

«ሌባው ከሩቅ ያብለጭልጭበት እንጂ ጋሼ! ሳልተኩስ ይሮጥልኛል።»

«አንተስ ከሩቅ አትታይም? ቁመትህ አልበቃህ ብሎ ፋኖስ ልትይዝ ነው?»

ኒኬል ለጋሽ ጥቁሬ ልብስ ነው። ብረቱን አይለውጠውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። አንድ ቀን ጥጉ ላይ ይላጣል፤ ከተላጠ በኋላ ዝገቱ ከሥር ከሥር እየሄደ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያነሳዋል።

የማይዝገውን ብረት፣ ስቴንለሱን፣ ያን ያህል አይጠላውም። መልኩ የገዛ ሥጋው ነው። ችግሩ ሚስቱ የምትወደው መሆኑ ነው። ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ አጣቢ ናት። እራት ላይ ይህ ነገር ከተነሳ ወጥ ይቀዘቅዛል።

«እኔ መቀሱን በቀን አምስቴ ቀቅዬው ውልፍት አይልም» ትለዋለች። «ያንተ ብረት ግን ልክ እንደ ጨቅላ፣ ካላሹት ያለቅሳል።»

«ያንቺ ብረት የሆስፒታል ማንኪያ ነው የሚመስለው። ሰው በማንኪያ ይጠበቃል?»

«ሰው በማንኪያ ይድናል፣ አንተ ሰው! መድኃኒቱን በምን የሚውጠው መሰለህ?»

እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ግን ነገሩ የእራት ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ቆጠራ ሲደረግ አሥራ አራት ሽጉጦች ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ከድርጅቱ አለቃ ደብዳቤ ደረሰው። ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ አጀንዳው ሽጉጦቹ ሁሉ ኒኬል እንዲለበሱ ነው። ከተወሰነ ሥራው ውጭ ይሠራል፣ ክፍሏ የመዝገብ ማስቀመጫ ትሆናለች፣ ባለሙያው ደግሞ ዋናው በር ላይ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ይመዘግባል። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል።

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው። «በጥቁር ቀለም የተቀቡት ሽጉጦች» ይላል። ቀለም! ደሙ ፈላ።

አሥራ አራቱን ሽጉጦች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መጀመሪያ የጠረጠረው የቆዳ ማኅደሩን ነበር፤ በጨው የለፋ ቆዳ ብረት ይበላል። ግን ማኅደር ቢሆን ቆዳው የነካው ሁሉ በቀላ ነበር። እነዚህ የቀሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከጥይት ማጉረሻው በታች። መነጽሩን አድርጎ ሲያይ ነጠብጣብ አይደለም። አራት ጣት ነው። አሥራ አራቱም ላይ አራት ጣት።

አንዳንድ ሰው እጁ ብረት ያዝጋል። ላቡ እንደዚያ ነው፤ በሽታም ጥፋትም አይደለም። የሙያው ሰዎች ያውቁታል፣ እንዲህ ያለውን ሰው ያለ ጓንት ወደ ገንዳቸው አያስጠጉም። አሁን ግን አሥራ አራቱ ሽጉጦች የአሥራ አራት ጥበቃዎች ናቸው። አንድ ሰው ሁሉንም ሊነካ የሚችለው መቼ ነው?

የግምጃ ቤቱን መዝገብ ገለጠ። የዛሬ ወር አለቃው ድንገተኛ ፍተሻ አድርጎ ነበር። ሽጉጥ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ አፈሙዙን ያያል፣ ይመልሳል። የፈተሻቸው ቁጥሮች ተጽፈው ፊርማው ሰፍሯል። አሥራ አራት ናቸው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ገጠሙ።

እርግጠኛ ሳይሆን መናገር አልወደደም። ረቡዕ ጠዋት መዳፍ የምታህል ብረት እስክታበራ ፈትጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አለቃው ቢሮ ገባ።

«እስቲ ይቺን ያዙልኝ፣ መነጽሬን ላውጣ» አለው።

አለቃው ያዘለት። ወጣት ሰው ነው፣ ትሁት ነው፣ ሁሌም መሐረብ ይይዛል። ጋሽ ጥቁሬ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፣ መነጽሩን በመጨረሻ አገኘ፣ ስለ ስብሰባው ሰዓት ጠየቀና ብረቱን ተቀብሎ ወጣ። እርጥቡ ሳጥን ውስጥ አሳደረው። ሐሙስ ጠዋት ብረቷ ላይ አራት ብርቱካናማ ጣቶች በቅለው ጠበቁት።

ስብሰባው ላይ አለቃው፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊና የጥበቃዎቹ ተወካይ ሆኖ ሰንደቁ ነበሩ። ጋሽ ጥቁሬ ብረቷን ከጨርቋ ፈቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጣት። የመዝገቡን ቅጂ ከጎኗ አደረገ።

አለቃው ብረቷን አየ። ከዚያ የገዛ መዳፉን አየ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ እያሉኝ ነው?»

ሰንደቁ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ኧረ አይደለም!» አለ ጋሽ ጥቁሬ። «ጥፋት አይደለም፣ ላብ ነው። ከፍተሻ በኋላ በዘይት ጨርቅ ቢወለወል አይደርስም። መሣሪያው ምንም አልሆነም፣ በአንድ ቀን አጸዳዋለሁ።»

«ጋሼ፣ የእኔን እጅ መቋቋም ያቃተው ሽጉጥ ዝናቡን እንዴት ሊቋቋም ነው?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ያበሸቀውም እሱ ነው። እዚያ ላይ ዝም ቢል፣ ወይም ቆሜ አስወለውላለሁ ቢል፣ ነገሩ ሊበርድ ይችል ነበር። ሰንደቁ እንኳ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥ አደረገው። እሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ነገር ሊያስረዳ ተነሳ። ስለ አሲዱ ነገራቸው። ስለ ሳጥኑ ነገራቸው። ስለ ስምንቱ ቀን ነገራቸው። ድምፁ ከፍ አለ።

«ደብዳቤው ላይ ቀለም ብላችሁ ጽፋችኋል። ቀለም አይደለም! ጥቁሩ ራሱ ዝገት ነው። እኔ ነኝ ያዛግሁት። የተገራ ዝገት ነው፣ ሌላውን ዝገት የሚከለክለውም እሱ ነው!»

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ሲሮጥ ተሰማ። አለቃው ቀና አለ።

«ራሱ ዝገት ነው?»

«ዝገት ነው፣ ግን…»

«እርስዎ ነዎት ያዛጉት?»

«እኔ ነኝ፣ ግን ስሙኝ እንጂ…»

«ይመዝገብ» አለ አለቃው፣ ለጸሐፊዋ።

ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤው ታትሞ መጣ። አንድ ገጽ ነው። ብረቷ አልተጠቀሰችም፣ የፍተሻው መዝገብም አልተጠቀሰም። ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ «በሽጉጦቹ ላይ የሚታየው ዝገት መሆኑንና ያዛጉትም ራሳቸው መሆናቸውን ባለሙያው በስብሰባው ላይ አምነዋል።»

ወረቀቱን ይዞ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄደ።

«እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ዝገት ነው አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«እኔ ነኝ ያዛግሁት አላሉም?»

«ብያለሁ። ግን የተገራ ነው ብዬ ነበር። ሌላውን ይከለክላል ብዬ ነበር።»

«እሱ ማብራሪያ ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ ማብራሪያ አይገባም፣ ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው የሚገባው።» ከልቧ ነበር፤ ተንኮል አልነበረባትም። «አልፈርምም ካሉ ግን መብትዎ ነው። አልፈረሙም ብዬ እጽፋለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቆሞ አሰበ። ካልፈረመ ያለውን የካደ ይሆናል፤ ያለውን ደግሞ አይክድም፣ እውነት ነውና። ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲጫን ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ።

ኮሪደሩ ላይ ሰንደቁ ጠብቆ ያዘው።

«እግርህን ረግጬህ ነበርኮ ጋሼ!»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምክም?»

«ቀለም አሉኛ!»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ሳህን እያነሳች ሰማችው፣ ከዚያ ተቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ። ጥቁሩ ራሱ ዝገት ነው?»

«ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ዝገት ነው ከእኔ ጋር የተጨቃጨቅከው?»

«አንቺም ጀመርሽ?»

«አልጀመርኩም፣ እየጠየቅኩ ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ!» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሳህኖቹ ተንጫጩ። እሷ አልተቆጣችም። በሃያ ስድስት ዓመት ክርክራቸው ውስጥ እንዲህ ሲመታ አይታው አታውቅም።

ሰኞ ሽጉጦቹ ኒኬል ሊለበሱ በሳጥን ተጭነው ወጡ። ገንዳዎቹን ራሱ ደፋቸው፤ ሌላ ሰው እንዲደፋቸው አልፈቀደም። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ባለችው የጥበቃ ቤት ተቀምጦ የመጀመሪያውን መኪና ሰሌዳ ቁጥር ጻፈ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«አባት፣ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ዝጎ ነው መሰለኝ፣ ቀለም ቢቀባ ጥሩ ነበር» አለው።

ጋሽ ጥቁሬ ሰዓቱን ጻፈና በሩን ከፈተለት።