ከነአፈሩ ያልተሰጠ ካክተስ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከተከራየሁት ክፍል አጠገብ አንድ ችግኝ መሸጫ አለ። ባለቤቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ ነው የሚሸጠው። ችግኝ ለመሸጥ ጋዋን ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደንበኞቹ «ዶክተር» ይሉታል፤ አንድም ቀን «አይደለሁም» ሲል አልሰማሁትም።

ካክተሴን ያሳመመው የእሱ አፈር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ጀምሮ መስኮት ላይ ያሳደግሁት፣ ስመረቅም አቅፌው የወጣሁት ተክል ነው። በክፍሌ ውስጥ አልጋውም ጠረጴዛውም የአከራዬ ናቸው፤ የእኔ እሱ ብቻ ነው። ሰፋ ያለ መትከያ ገዛሁለትና ሰውዬው ከቱላ የአትክልት ማሳ የሚያስመጣውን ጥቁር አፈር ሞላሁበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ማደጉን አቆመ፤ ውሃ እያገኘም ጎኑ ተሸበሸበ።

ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው አፈሩን እንኳ ሳይነካ፣ «ምግብ አንሶታል» ብሎ ማዳበሪያ ቋጠረልኝ።

«ሥሩን ብናየው…» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሳይወጣ የሚመለስ ሰው ነኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ካሮት መሰለሽ እንዴ ሥሩ የሚታየው?» ደንበኞቹ ሳቁ።

ቤት ገብቼ ነቀልኩትና ሥሩን አጠብኩት። ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ በእባጭ ተሞልቷል። ኔማቶድ ነበር፤ በዓይን የማይታይ፣ ሥር ውስጥ ተቀምጦ እየመጠጠ የሚኖር ትል። ቲማቲም እየተመላለሰ ከሚተከልበት ማሳ ከአፈሩ ጋር ይመጣል። ይህን ሰውዬው ተምሯል፤ እኔ ከተመረቅሁበት የዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ከእኔ ቀድሞ ነው የተመረቀው። ትሉ ቢያንስ ጋዋን አይለብስም።

ሥሩን በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ፤ ቢላዋውን በአልኮል እየጠረግሁ ንጹሕ ሥጋው እስኪታይ ድረስ ከረከምኩት። ቁስሉ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። የድሮውን አፈር አትክልት ቦታ እንዳይደፋ በፌስታል አስሬ ከቆሻሻ ጋር ላክሁት። መትከያውን በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ አዲሱን አፈር ደግሞ በአሮጌ ድስት ከሰል ላይ በእንፋሎት አበሰልኩት።

አከራዬ አፋቸውን ያዙ። «አንቺ ልጅ፣ አፈር ትቀቅያለሽ? ጎረቤት ምን ይለናል!»

«ትል አለው፣ እትዬ።»

«አፈር ትል ከሌለው ምን ሊኖረው ነው?»

ካክተሱ ያለ ሥር ብዙ ጊዜ ቆየ። በየጠዋቱ አየው ነበር፤ ሞቷል ብዬ ልጥለው የተነሳሁበት ቀንም አለ። በመጨረሻ ነጭ ሥር አበቀለ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ከጎኑ ልጅ፣ ትንሽ ካክተስ፣ አወጣ።

አከራዬ ለሰውዬው ነግረውት ኖሮ፣ ልጁን ካልሰጠሽኝ አለ። ነጥዬ ያለ አፈር በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። እኛ ሰፈር ተክል የሚሰጠው ከነአፈሩ ነው፤ ባዶውን መስጠት ንፍገት ነው። ትሉም ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በዚሁ ደግነት ነው።

«አፈርም ትሰስቻለሽ?» አለና ጥግ ካለው ጆንያ መዝገን ጀመረ።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከቱላ! ሌላ ምን አለ?»

ትንሹን ካክተስ ከእጁ ወሰድኩና ወጣሁ። «ኧረ ንፉግ!» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት።

ማታ አከራዬ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ። «ለዶክተሩ አንድ ተክል ነሳሽው አሉ።»

«ዶክተር አይደለም፣ እትዬ» አልኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።