የተገለበጠው ቤዝ

የእህቴ የልጅ ልጅ ሰሞኑን ቤዝ ጊታር ገዝቶ መጣና «አባባ፣ እስቲ ይያዙት» ብሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እጆቼ እኔን ሳያማክሩ ጊታሩን አዞሩት፤ አንገቱ ከግራዬ ወደ ቀኜ ሄደ። ልጁ ሳቀብኝ። «አባባ፣ ገለበጡት እኮ!» ለሱ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አቃቂ ያኔ በፋብሪካ ጡሩምባ ተነስታ በፋብሪካ ጡሩምባ ወደ ቤቷ የምትገባ ከተማ ነበረች። እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንዱ ጓደኛዬ የፋብሪካው አናጢ ነው። ሌላው ፈትል ክፍል ስለሚሠራ «ፈታዩ» እንለዋለን፤ ፈትል የሴት ሥራ ነው እያልን እናበሽቀዋለን፤ ጥጥ ከጸጉሩ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስታችንም ቤዝ ወዳዶች ነን። ቤዙ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ጣሊያን ፎርማን አገሩ ሲገባ ለሠራተኞች ክበብ ትቶት የሄደ።

የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዘፋኝ ልሁን ይላል። እኛ የምንወደው ከእግር ሥር የሚመጣውን ድምፅ ነው። «ቤዝ የሚሰማው በሆድ ነው» ይል ነበር ፈታዩ። ሠርግ ላይም ሆነ እሑድ ከሰዓት በክበቡ ከሠራተኞቹ ባንድ ጋር ተራ እየገባን እንጫወታለን። አዲስ የጊታር ክር ስለማይገኝ፣ የቆየው ሲደነዝዝ በሳሙና ውሃ እንቀቅለዋለን። የአናጢው እናት ድስታቸውን እያዩ «ዛሬም የብረት ሾርባ ነው? ጨረሳችሁት እኮ!» ይሉን ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔና አናጢው ደህና እንሞክር ነበር፤ ተጫዋቹ ግን ፈታዩ ነው። እሱ ቤዙን ሲይዝ ሽማግሌዎች እንኳ ወንበራቸው ላይ አይረጉም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የፈትል ክፍሉ ጩኸት ድንገት ጸጥ አለ። ሲጮህ ለምደነው ዝምታው ነው ያስደነገጠን። ማሽኑ የፈታዩን ግራ እጅ ይዞት ነበር። ሁለት ጣቱን ወሰደበት፤ የቤዙ ክር የሚጫንባቸውን።

ሆስፒታል ስንጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ክፍሉ አዮዲን አዮዲን ይሸታል። ስለ ሕመሙ ምንም አላለንም። «በሉ እንግዲህ፣ ቤዙን ለሁለት ተካፈሉት» አለን።

መላው የመጣው ከአናጢው ነው። «ብንገለብጥለትስ? በቀኙ ይጫን፣ በግራው አውራ ጣት ይምታ።» እኔ ደግሞ «እኛስ?» አልኩት፤ አንድ ቤዝ በየሰዓቱ አይገለበጥማ። «እኛማ ጣት አለን፣ እንለምዳለን» አለኝ።

ክሮቹን ፈተን አቀማመጣቸውን አዘዋወርን። ክር የሚያርፍባት፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ጥርሳም አጥንት ግን ብትገለበጥም አልገጥም አለች። አናጢው በሰቃ ካለ ሥጋ ቤት የበሬ አጥንት አምጥቶ አዲስ ቀረጸ፤ የድሮዋን ኪሱ ከተታት። ከዚያ እኔና እሱ እንደ ሕፃን ከሀ ጀመርን። ሳሪስ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ክንዴ የድምፁን ማስተካከያ ጠምዝዞ ቤዙን ዲዳ አደረገው፤ የተገለበጠ ጊታር ማስተካከያው ክንድ ሥር እንደሚገባ ማን ነግሮኝ! የባንዱ አለቃ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ «አንድ ሰው ቢጎዳ ሦስት ግራኝ አመጣችሁብኝ?» ብሎ ጮኸብን። ተሰደብን፣ ቤዙን ግን ወደ ድሮው አልመለስነውም።

ፈታዩ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ክበቡ የመጣ ዕለት በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተበትኖ ነበር። ቤዙን ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። አዲሷን አጥንት ዳሰሳት። «ይሄ ምንድን ነው?» «በሬ ነው» አለው አናጢው። ሞከረው። አውራ ጣቱ ተንሸራተተ፣ አላበው፣ እንደገና ሞከረ። በኋላ ያ የምናውቀው የሠርግ ዜማ እያነከሰ ወጣ። እያነከሰም የሱ ነበር። ከዚያ ቤዙን አቀበለኝና «አንተስ እንዴት ልትጫወት ነው?» አለኝ። ገልብጬ ተጫወትኩለት። አናጢውም ተቀብሎኝ ተጫወተ። ሁለታችንንም በየተራ አየንና «አብዳችኋል?» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቤዙ ካለ እኛን ትቶ አይሄድም ብለን ነበር። ፋብሪካው ግን ጣቱ ለጎደለ ሰው ሥራ የለኝም አለ። በር ጠባቂ እንዲያደርጉት ለመንን፤ አልሆነም። ቤዝ ደግሞ እንጀራ አይሆንም። ድሬዳዋ ያለችው እህቱ ና አለችው።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ልንሸኘው ቆመናል። ሊትሪናዋ ናፍጣዋን እያጨሰች መጣች። «ቤዙን አዙሩት እንግዲህ፣ አደራ» አለን፣ «ሙሽራ ፊት አትዋረዱ።» አናጢው የድሮዋን አጥንት ከኪሱ አወጣና በፈታዩ ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈለት። «ያለዚች አይዞርም። ስትመለስ አንተው ትገጥማታለህ።» ሌላ መቅረጽ ለአናጢው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሦስታችንም እናውቃለን። ፈታዩ ትንሽ አየውና አጥንቷን ደረት ኪሱ ከቶ ተሳፈረ።

አልተመለሰም። አገሩም ተለዋወጠ፣ ክበቡም ቤዙ እንደተገለበጠ ተዘጋ። አናጢው ከሞተ ቆየ፤ እስኪሞት ሌላ አጥንት አልቀረጸም፣ እኔም ቅረጽ ብዬው አላውቅም።

ልጁ አሁንም ከፊቴ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። «አባባ፣ ላስተካክልልዎት?»

«ተወው» አልኩት። «የሚያዞረው ሰው አለው።»