የምትመጣዋ አስተማሪ

«የትኛዋ?» ነበር ያሉኝ ቲቸር ዘለቀ። ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ባና ሳብ አደረጉና፣ ስድስተኛ ክፍል በሙሉ እየሰማ «የትኛዋ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ መልስ ሲጠፋኝ የምቆጣ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ያው ነኝ። ተቆጥቼ ቁጭ አልኩ።

ይሄ ነገር ትዝ ያለኝ ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ነው፤ ያስታወሰኝም ሽታ ነው። ካፊያው ሲያረጥበን አርፍዶ ባና ተራ ስደርስ፣ ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። እርጥብ ባና ለሌላው ሰው በግ በግ፣ ጭስ ጭስ ይሸተው ይሆናል፤ እኔን የሚሸተኝ ግን እንግሊዝኛ ነው።

ገበያ የሄድኩት ለእናቴ ባና ልገዛ ነው። ልሄድ ስለሆነ። በእንግሊዝኛ ተመርቄያለሁ፣ መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፣ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ አክስቴ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሎ ብቻውን ይስቃል። ሥራ ግን የለም። የማመልከቻ ወረቀት ይዤ ያልገባሁበት በር የለም፤ ሁሉም ቦታ «ማስታወቂያ ሲወጣ ተመልሰሽ ነይ» ነው የሚሉኝ። በመጨረሻ አክስቴ ደላላ አገኘችልኝ፣ ፓስፖርቴ ወጣ፣ ቤይሩት ሰው ቤት ልሠራ ነው። አለሳልሼ መናገር አልችልበትም፤ ይኸው ነው።

ትምህርት ቤታችን ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። መስኮቱ መስታወት አልነበረውም፤ ስለዚህ ጉሙ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባና እንደ ተማሪ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ክረምት ሲቃረብ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ጭራሽ አይታዩም ነበር፤ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ ብቻ ነው ከጉሙ ውስጥ የሚመጣው። አስራት የሚባል ልጅ ለቀሩ ጓደኞቹ ሁሉ ድምፁን እየቀያየረ «አቤት» ሲል ስንት ጊዜ ከርሞ፣ አንድ ቀን ጉሙ በድንገት ተገፎ አፉን እንደከፈተ ተያዘ። ቲቸር ዘለቀ አልመቱትም። «አንተ ብቻህን ይሄን ሁሉ ሰው ከሆንክ፣ የቤት ሥራውንም የሁሉንም ትሠራለህ» አሉት።

ቲቸር ዘለቀ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ከብርዱ የተነሳ ባናቸውን ሳያወልቁ ነው የሚያስተምሩት፤ ዝናብ የመታቸው ቀን ደግሞ መስኮቱ ላይ ያሰጡትና ክፍሉ ሁሉ በዚያ ሽታ ይሞላል። ያን ዓመት የያዙን «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» መቼ እንደሚገቡ ነበር። ቀላል ይመስል ነበር። የማይታወቅ ነገር ሲጠራ «ኤ»፣ ከታወቀ በኋላ «ዘ»። «እኛም እኮ አለን» ይሉናል፤ «በሬ መጣ፣ በሬው በላ እንል የለ? እኛ ጭራው ላይ እናስራለን፣ እነሱ ግንባሩ ላይ ይለጥፋሉ፣ ይሄው ነው ልዩነቱ።» «አን» ላይ ግን ተቸገርን፤ መጽሐፉ ምሳሌ ብሎ የሰጠን ዝሆንና ብርቱካን ነው፣ ሁለቱንም አይተናቸው አናውቅም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በአካባቢያችን «አን» የሚገባቸው እንቁላልና በሬ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ያን ሴሚስተር የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ወይ ስለ እንቁላል ወይ ስለ በሬ ነበር።

ፀሐይ ሁልጊዜ «ዘ» ናት፣ ምክንያቱም አንድ ናት፣ ሁሉም ያውቃታል ሲሉን አስራት ከጉሙ ውስጥ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እዚህ አገር ግን ማን ያውቃታል? ‹ኤ› አትበቃትም?» አለ። ሳምንት ሙሉ አላየናትማ። ቲቸር እስኪያስላቸው ሳቁ።

የባሰው ስህተት ግን የእኛ የሁላችን ነው። የመጽሐፉ «ዘ» የሚገባው ለንጉሥ፣ ለፕሬዚዳንት፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ፣ ለፀሐይ መሆኑን ስናይ፣ ነገሩ እንደ አንቱታ ያለ የአክብሮት ቃል ነው ብለን ደመደምን። ስለዚህ ለታላላቆቻችን ሁሉ «ዘ» እንሰጥ ጀመር፤ «ዘ ማይ ፋዘር»፣ «ዘ ቲቸር ዘለቀ»። ለውሻና ለታናሽ ወንድም «ኤ» ይበቃል። እኔማ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ይሄን የመሰለ የአክብሮት ነገር ስማር ደስ ብሎኝ ቤት ሄጄ ለአባቴ አስረዳሁት፤ እሱም በጥሞና ሲሰማኝ ቆየና «እግዚአብሔርስ?» አለኝ። መጽሐፉን ገልብጬ አየሁ። እግዚአብሔር ምንም የለውም፣ ባዶውን ነው። አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ዘጋው። «ንጉሥ አግኝቶ እግዚአብሔር ያጣበት ቋንቋ ምኑ ይጠናል?» አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቲቸርን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዛቸው። ቲቸርም ተሳልመው፣ ቀስ ብለው «አባ፣ ሁሉ የሚያውቀው ስም ምልክት አያሻውም እኮ» አሉት። አባቴ ጢሙን እያሻሸ «እሱስ ነው» አለ። መጽሐፌ ተመለሰልኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ቲቸር የመስኮቱን ነገር ያመጡት። እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ነገር እንድናመጣ አዘዙን፣ ምንም ይሁን፣ ዋጋ የሌለው ይሁን። ያመጣነውን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥ «ኤ» ነው፤ ድንጋይ፣ እንዝርት፣ ቀንድ፣ የማንም ይሁን የማን። ባለቤቱ ይነሳና የዕቃውን ታሪክ ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው፣ ምን እንዳየ። ታሪኩ ካላሳመናቸው «ገና ነው፣ ገና ‹ኤ› ነው» ብለው ያስቀምጡታል። ካሳመናቸው ዕቃውን በሁለት እጃቸው አንስተው መስኮቱ ደፍ ላይ ያኖሩታል፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ «ዘ!» ብሎ ይጮሃል። «ታሪኩን ሳትነግሩኝ ‹ዘ› አልሰጥም» ይሉ ነበር፣ እንደሚቆጠር ንብረት። እኛም ተስገበገብንበት። አስራት ያመጣው ጠጠር ነበር፤ ታሪክ ስላልነበረው «ይቺ ጠጠር ዛሬ ጠዋት እግሬን መታችኝ፣ እኔም ‹ቆይ፣ ቲቸር ያሳዩሻል› ብዬ ይዣት መጣሁ» አለ። እሷም መስኮቱ ላይ ወጣች።

የእኔዋ ከአባቴ ጸናጽል ዘንግ ላይ ወልቃ የወደቀች ትንሽ ክብ ብረት ነበረች። ማሕሌት ላይ ወድቆበት ነው የወለቀችው፤ የቀሩት እንደ ድሮው አይንሿሹም ብሎ ሲያዝን ሰንብቶ ነበር። ታሪኳን ስናገር «ብቻዋን ስትሆን አትጮህም» አልኩ፤ ቲቸርም ጆሯቸው ጋ አድርገው ነቀነቋትና «እውነትም» ብለው መስኮቱ መሀል አስቀመጧት። «ዘ!» አለ ክፍሉ። ከዚያ በኋላ እኔን የሚጠሩኝ «ባለ ጸናጽሏ» እያሉ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሁላችንም ስናድግ ምን እንደምንሆን በእንግሊዝኛ ተናገርን። ሁሉም በሥርዓቱ «ኤ ዶክተር»፣ «ኤ ፓይለት» ሲል መጣ። እኔ ተነስቼ «ዘ ቲቸር» አልኩ። ተሳስቼ አይደለም፤ «ኤ» አነሰችኝ። ያኔ ነው ጠመኔውን አስቀምጠው «የትኛዋ?» ያሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። «ገና ያልመጣ ነገር ‹ዘ› አይባልም፣ ልጄ። ታሪኩ ሲኖርሽ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። ሁሉም ዕቃውን ከመስኮቱ እያነሳ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ቆምኩ። ብረቷን አልወስድም አልኩ። «እዚሁ ትሁን፤ አስተማሪ ሆኜ ስመጣ እወስዳታለሁ» አልኳቸውና ወጣሁ።

ለምን እንግሊዝኛ እንዳጠናሁ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁኝ ሰው ሁሉ የሚለውን እል ነበር። እውነቱ ግን ያቺ ብረት ናት። እዚያ መስኮት ላይ ዕቃዬ አለ፣ ሄጄ አነሳዋለሁ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

እና ቅዳሜ ባና ተራ፣ ከተከመረው ባና ጀርባ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ላስቲክ ያለብሳል። ቀና ሲል አወቅኩት። እሳቸው ናቸው። ልሸሽ ነበር፣ ግን እሳቸው ቀደሙኝ።

«ባለ ጸናጽሏ!»

«እንዴት አወቁኝ ቲቸር?»

«ስም እረሳለሁ፤ ዕቃ አልረሳም» አሉና በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ። ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ወደዚህ መውረዳቸውን፣ ከመንዝ ዘመዶቻቸው የሚልኩላቸውን ባና እየሸጡ መሆኑን ነገሩኝ። «ድሮ ልብሴ ነበር፣ አሁን አለቃዬ ሆነ» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። መመረቄን ስነግራቸው፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ አጠገባቸው ወዳሉት ነጋዴዎች ዞረው «ይቺ የኔ ናት! የኔ!» እያሉ ጮኹ። አንዷ ሴትዮ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ስለ አስራት ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ በዚህ ጊዜ ከዚያ አካባቢ ስለሆነ ወጣት ወንድ «የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ አይደለም።

ከዚያ የብረቷን ነገር አነሱብኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ የመጡት ተማሪዎች በየዓመቱ መስኮቱ ላይ ብቻዋን የቀረችውን ሲያዩ «ይቺስ የማን ናት?» ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ታሪኳን ይነግሯቸውና «የምትመጣዋ አስተማሪ ናት፣ አትንኳት» ይሏቸዋል። «አንድም ልጅ ነክቷት አያውቅም» አሉኝ። «ሲጠርጉ እንኳ አቧራዋን እፍ ብለው መልሰው እዚያው። አንዳንዶቹማ አዲስ አስተማሪ በተመደበ ቁጥር ‹ቲቸር፣ እሷ ናት?› ይሉኝ ነበር።»

እኔ አላውቅም ነበር። እኔ ዶርም ውስጥ ተኝቼ የማላውቃቸው ልጆች፣ ያ ጉም ውስጥ ተቀምጠው፣ እኔን ይጠብቁ ነበር።

«አሁንስ አለች?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

ባናውን እጥፍ ዘርጋ፣ እጥፍ ዘርጋ አደረጉት። «ትምህርት ቆሞ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሰፍሮበት ነበር» አሉ። «ብርድ ነዋ። ዴስኩን ማገዱት። ከዚያ በሩን። ስመለስ...»

«መስኮቱስ?»

«የምን መስኮት?» አሉኝ።

ይጠብቁኝ የነበሩት ልጆች ምን ያድርጉ። ከፊሎቹ ተድረዋል፣ ከፊሎቹ እንደ እኔ ደላላ ጋ ናቸው፣ ከፊሎቹን እሳቸውም አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል ሲባል ስንት መስከረም አለፈ፤ እኔ በበኩሌ መጠበቅ ትቻለሁ፣ የተዘጋው መንገድ ቢከፈት እንኳ የሚከፈተው ወደ ባዶ ግድግዳ ነው። ሰው ልጅነቴ ናፈቀኝ ሲል እሰማለሁ፤ እኔን የናፈቀኝ ልጅነቴ አይደለም፤ ከልጅነቴ ማዶ ይጠብቀኝ የነበረው ቦታ ነው፣ የእኔ ተብሎ ተጠርጎ የተቀመጠው።

«ባናው ለማን ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው።

«ለእናቴ። ሰው ሲገኝ ይወስድላታል።»

«አንቺስ አትወስጅላትም?»

«እኔ ልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ቤይሩት።»

አይ ብለው እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። ጠመኔ ቢወረውሩብኝ፣ «ተቀመጪ!» ቢሉኝ። እሳቸው ግን ከክምሩ ውስጥ ደህናውን መርጠው አወጡ፣ በላስቲክ ጠቀለሉልኝ፣ ገመድ አሰሩበት፣ ቋጠሮውን ደግሞ እንደ ልጅ ጫማ ሁለት ጊዜ አጠበቁልኝ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው የተጣጠፈውን ባና እንደገና ማጣጠፍ ጀመሩ። ያን የስድስተኛ ክፍሉን ጥያቄ ዳግም እንዳይጠይቁኝ የፈሩ መሰለኝ።

ጥቅሉን ታቅፌ ጥቂት ሄድኩ። ካፊያው በርትቷል፤ ያ ሽታ ከእቅፌ ይወጣል። እኔ ደግሞ ያልመለስኩት ጥያቄ ይዤ አውሮፕላን መሳፈር አልችልም፤ ትዕግሥት የለኝም። ዞርኩ።

«ቲቸር!»

ቀና አሉ። ባና ተራው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«‹የትኛዋ?› ብለውኝ አልነበር?» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ።

«ያቺ ያልመጣችው ነኝ።»