ከተሸካሚው ጀርባ

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ያሸከመ ነጋዴ ዓይኑን ከተሸካሚው ጀርባ አይነቅልም። ሠርኬ ይህን የተማረችው ገና በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አንድ ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ ከነተሸካሚው በሕዝብ መሀል ተውጦ የቀረባት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዕቃዋ ከአይሱዙ ወርዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ሱቋ እስኪገባ ድረስ ከተሸካሚዋ ከይመር ከሦስት እርምጃ በላይ ርቃ አታውቅም ነበር። ይመር አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ክር አላጎደለባትም፤ እሷ ግን ልማዷን አልለቀቀችም።

በመስከረም መጨረሻ ያ ጀርባ አመለጣት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከደረቷ የተነሣ ሙቀት ሽቅብ ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ ወጣ፤ ሻሿ በላብ ራሰ፤ የልቧ ምት ጆሮዋ ውስጥ ይሰማት ጀመር። የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። እንደምንም ከሱቋ ስትደርስ ይመር ጭነቱን አውርዶ፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«እትዬ፣ ትራፊክ አስቁሞዎት ነው?»

«ዝም በል አንተ!» አለች፤ አራተኛ ቃል ለመጨመር ትንፋሽ አልነበራትም።

እንዲህ እያለከለከች ስትደርስ ልጇ ቶማስ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አይቷታል። ማታ በእራት ሰዓት ነገሩን አነሣው። «እማዬ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አንቺም ደክመሻል። ሱቁን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቤት ቁጭ በይ።»

ሠርኬ የጎረሰችውን አላምጣ ዋጠች። ያን ሱቅ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያቆመችው፣ ቶማስንም ያስተማረችበት ነው። እዚያ ስትገባ ሰዎች በስሟ ይጠሯታል፤ ቤት ስትቀመጥ ግን የሚያናግራት ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጠብቀኝ» አለችው። «አራቱን ፎቅ ሳላርፍ መውጣት ካቃተኝ ቁልፉን በእጄ እሰጥሃለሁ።»

ምን እንደመጣባት ታውቃለች። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ሌሊት ጋቢዋን ገፍፋ ትነሣለች፤ መልሳ ስትደርበው ይበርዳታል። ስለዚህ ጉዳይ የምታወራው በኮሪደሩ ማዶ አንሶላ ከምትሸጠው ከካሚላ ጋር ብቻ ነው። ካሚላ በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት ቀድማታለች። «እኔ ሲመጣብኝ ፍሪጁን ከፍቼ ጭንቅላቴን እከት ነበር» ብላ አስቃታለች፤ «ባሌ ሥጋ የምፈልግ መስሎት!»

ሠርኬ መፍትሔውን የፈለገችው ነጋዴ እንደሚፈልገው ነው። ከባዱ ጣቃ ብዙ ያወጣል፤ ስፖርትም ከከበደ ብዙ ይጠቅማል ብላ አሰበች። ብዙ እንዲያልባት ከምን አለሽ ተራ ረጅም የላስቲክ የዝናብ ካፖርት ገዛች። ጠዋት ጠዋት፣ ገበያው ሳይከፈት፣ ካፖርቱን በቱታዋ ላይ ደርባ የሕንፃውን ደረጃ እየሮጠች መውጣትና መውረድ ጀመረች። ላቡ እስከ ጫማዋ ሲወርድ ትርፍ የተቆጠረላት ያህል ደስ ይላታል። ከዚያ ሲኒማ ራስ አጠገብ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ ከሚመዝነው ሰው ዘንድ ሄዳ ትመዘናለች፤ አንድ ኪሎ ቀንሳለች። ምሳ ሰዓት ላይ ውኃ ጠጥታ ስትመዘን ያው ኪሎ ተመልሷል። በማግሥቱ ይበልጥ ትሮጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷ አበጠ፤ እንቅልፏ ጭራሽ ሸሸ። አንድ ጠዋት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዓይኗ ጨለመባትና ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሱቋን ልትከፍት የመጣችው ካሚላ እንደዚያ ሆና አገኘቻት።

«ሠርኬ! ምን ሆነሻል? ደግሞ ይኼ ላስቲክ ምንድን ነው? ራስሽን ለኤክስፖርት እያሸግሽ ነው?»

ሠርኬ መሳቅ ፈልጋ አለቀሰች። ካሚላ ካፖርቱን አወለቀችላት፤ ውኃ አጠጣቻት፤ ሱቋንም ሳትከፍት ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሲስተር ፀደይ የምትባለው ነርስ የደም ግፊቷን ለካች፤ ልቧን አዳመጠች፤ ሐኪሙም እንዲያያት አደረገች። አስጊ ነገር አልተገኘም። ከዚያ ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ ጠየቀቻት። «ስፖርቱን ምን ያህል በርትተው ነው የሚሠሩት?»

«ላስቲክ ደርቤ፣ ዓይኔ እስኪጨልም።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

«በየቀኑ ነዋ! እሑድም ቢሆን ከቅዳሴ ስመለስ።»

ሲስተር ፀደይ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ በላስቲኩ ውስጥ የወጣው ውኃ ነው፤ ስብ አይደለም። ስፖርቱ ግን ያስፈልግዎታል፤ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ። የወር አበባ ሲቋረጥ ልብንና አጥንትን ሲያግዝ የኖረው ሆርሞን ይቀንሳል። የሳቱት ልኩን ነው። ልኩን በላብ አይለኩት፤ በንግግርዎ ይለኩት።»

«በንግግር?»

«እየሄዱ ከደንበኛ ጋር ዋጋ መከራከር ከቻሉ፣ መዝሙር መዘመር ግን ካቃተዎት፣ መካከለኛው እሱ ነው። አብዛኛውን ቀን በዚያ ይሂዱ። ሁለት ሦስት ቃል ብለው ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ ብርቱው ላይ ነዎት። ብርቱውም አይከለከልም፤ ሰውነትዎ ሲለምድ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በማግሥቱ ቀለል አድርገው። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ግን ቆመው ወዲያው ይምጡ።»

ሠርኬ ቅር አላት። «ይኼማ ገበያ መዞር ነው» አለች ለካሚላ፣ ሲወጡ። በርካሽ የቀረበላትን ዕቃ ሁልጊዜ ትጠራጠራለች። ቢሆንም ጉልበቷ እንደተሻላት ሞከረችው፤ ካሚላም አብራት ለመሄድ ወሰነች። ጠዋት ጠዋት ገና ባልተከፈቱት ሱቆች መሀል ፈጠን ብለው ሲራመዱ ካሚላ ደንበኛ ትሆናለች።

«እመቤት፣ ይኼ መጋረጃ ስንት ነው?»

«ሜትሩ አራት መቶ…» ትልና ሠርኬ ትንፋሿ ይቆረጣል።

«ድምፅሽ ስለቀነሰ ዋጋውም ይቀንስ! በሦስት መቶ ስጪኝ።»

«ሂጂ ወዲያ!» ትልና ሠርኬ እርምጃዋን ታለዝባለች፤ ክርክሩም ይቀጥላል። ኅዳር ሲገባ ዋጋውን ከነምርቃቱ ሳታቋርጥ መናገር ቻለች። ያኔ ረቡዕ ረቡዕ አንዱን ፎቅ በብርቱው ወጥተው፣ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ሌላውን ቀስ ብለው ይወጡ ጀመር። ሙቀቱ ጨርሶ አልተዋትም፤ ሲመጣ ግን እንደ ድሮው አያስደነግጣትም፤ እንቅልፏም ከፊል ተመልሷል።

የታኅሣሥ የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። አይሱዙው ቆመ። ቶማስ ሱቁን ልትከራይ ያሰበችውን ሩታ የምትባል ወጣት ነጋዴ ይዞ ላይ ይጠብቃል። ይመር ሁለት ጣቃ ትከሻው ላይ አጋድሞ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ደረጃውን ተያያዘው፤ ሠርኬ ተከተለችው።

አንደኛውን ፎቅ አብረው አለፉ። ሁለተኛው ላይ የይመር ጀርባ ይርቃት ጀመር፤ አራት እርምጃ፣ ስድስት፣ ከዚያ ግማሽ ደረጃ። ሠርኬ እግሯ ሊሮጥ ሲነሣሣ ተሰማት። በሃያ ሦስት ዓመቷ የጠፋባት ጣቃ ትዝ አላት። ብትሮጥ ትደርስበታለች፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን እንደገና የደረጃውን ብረት ይዛ ትቆማለች። ይህንን ሰውነቷ ያውቀዋል። ደግሞስ ከማን ነው የምትጠብቀው? ከይመር?

«ይመር!» ብላ ተጣራች። «አትጠብቀኝ፣ ሂድ። ሱቁ ክፍት ነው።»

ይመር ከነጭነቱ ዞረ። «ብቻዬን?»

«ብቻህን።»

«ጉድ ነው! ጠፍቼ ብቀር እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ አይደለም!» አለና እየሳቀ በደረጃው መታጠፊያ ተሰወረ።

ሠርኬ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዷ ከጭነቷ ቀርታ፣ ባዶውን ደረጃ እያየች ወጣች። የምትሸጣቸውን ጨርቆች ዋጋ አንድ በአንድ ለራሷ ጠራች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ መዝሙር ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሿ እምቢ አለ። ልኩ ላይ መሆኗን ስላወቀች ደስ አላትና ዋጋዋን መጥራት ቀጠለች።

ቶማስ ፊቱ ጠቁሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀበላት። «እማዬ! ይመር ብቻውን ሲመጣ የወደቅሽ መስሎኝ…»

ሩታ ከኋላው ብቅ አለች። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ሱቁን ከጥር ጀምሮ ብይዘው ይስማማዎታል?»

ሠርኬ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የእኔ ልጅ፣ ይህን ሱቅ ራሴ አቁሜዋለሁ፣ ዛሬም አራቱን ፎቅ አንድ ቦታ ሳልቆም ወጥቻለሁና የሚከራይ ቦታ የለኝም፤ መጋረጃ ከፈለግሽ ግን ሜትሩን በአራት መቶ ሃምሳ ሰጥቼሽ መስፊያውን እመርቅልሻለሁ።»

 ይመር ጣቃው ላይ ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መናገሯ ገርሞት ራሱን ነቀነቀ።

ካሚላ ከኮሪደሩ ማዶ አንገቷን አውጥታ ጠየቀች። «መዝሙሩስ?»

«እሱስ አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ልክ ነሽ!»

ቶማስ ሁለቱን ሴቶች በየተራ አየ፤ የገባው ነገር አልነበረም። እናቱን ግን ትኩር ብሎ ካያት በኋላ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ሜትሩን አነሣና ወደ ሩታ ዞረ። «የመስኮትሽ ስፋት ስንት ነው?» አላት።