የጋሼ ቀስበል መሪ

ሹፌሩን በስሙ የሚጠራው ሰው ቢፈለግ ከደመወዝ ክፍል ውጭ የሚገኝ አይመስልም። መሥሪያ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ነዳጅ ቀጂዋ ሳትቀር ጋሼ ቀስበል ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ "ትንሽ ፈጠን እንበል እንጂ" ያለውን ሁሉ፣ ኃላፊውንም ቢሆን፣ "ቀስ በል" ብሎ ኩም ያደርገዋል። ሥራው የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን መንገድ ወደሌለበት ማድረስ ነው። ድንጋይ ላይ ያወጣቸዋል፣ አሸዋ ውስጥ ያሻግራቸዋል፣ ማታ ቤታቸው በር ላይ ያወርዳቸዋል። በዚህ ሥራ ሸብቷል፤ አንድም ቀን ሰው አልጎዳም።

ሰውየው ታዲያ አመል አለው። መኪና ተበላሸ የሚባል ነገር አይዋጥለትም። አንዱ ሹፌር "ፍሬኑ አስቸገረኝ፣ መሪው ሳበኝ" ካለ ጋሼ ቀስበል መነጽሩን አውልቆ ያየውና "መኪና አይበላሽም፤ የሚበላሸው ሹፌር ነው" ይለዋል። በዚህ አነጋገሩ ስንቱን እንዳሸማቀቀ እሱም አያውቀው። ሌላው አመሉ ደግሞ ይብሳል። ከእሱ በቀር እዚያች መኪና መሪ ላይ የሚቀመጥ የለም። መካኒኩ እንኳ ከጋራዡ በር ወደ ውስጥ ሊያስገባት እጁን ሲዘረጋ "ተወው፣ እኔ አስገባታለሁ" ይባላል። መካኒኩም ለምዶታልና ትከሻውን ነቅንቆ ይተወዋል።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ አስቸጋሪ ጉዞ መልስ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃው በጎደለ ወንዝ ውስጥ ሲንገላቱ ውለው፣ ጭቃው እስከ መስኮት ተለጥፎባት፣ አመሻሽ ላይ አስፋልት ገቡ። ባለሙያዎቹ ከኋላ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ጋሼ ቀስበል እንደ ልማዱ እያንጎራጎረ ፍጥነቱን ሰማንያ ገደማ ሲያደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለቱም እጁ፣ እስከ ክርኑ። መሪውን ጨብጦ ያዘው፤ ባሰበት። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፣ መኪናዋ ቀስ አለች፣ መንቀጥቀጡም ተወው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፈጠን ሲል ያው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አላንጎራጎረም። እስከ ከተማ ድረስ እየተንፏቀቀ ገባ፤ የነቁትም "ዛሬስ በጣም ቀስ አልክ" ብለው ሳቁበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ጎማውን ያይ ነበር። ጋሼ ቀስበል ግን ያየው እጁን ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ሹፌር ነበር፤ መሪ ያስያዘውም እሱ ነው። የዚያ ወንድሙ እጅ ከዓመታት በፊት መንቀጥቀጥ ጀመረና አንድ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ በቤተሰቡ ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ጋሼ ቀስበል እሑድ እሑድ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ እጁን ላለማየት ግድግዳውን ያያል። አሁን ተራው የእኔ ነው፣ አለ በሆዱ።

የዚያን ሰሞን ኑሮው ኑሮ አልነበረም። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ተንቀጠቀጠበትና አገጩን ቆረጠው። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆው ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ሲፈስ ሚስቱ እንዳታይበት "ግማሽ አድርጊው" ማለት ጀመረ። ሚስቱ ደግሞ ሞልታ ካልቀዳች የሰጠች የማይመስላት ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን እንዳላት ቀዳች። በሁለተኛው "ምን ሆነ ሻዬ?" አለች። በሦስተኛው ፊቷ ቅጭም አለ። የፈራ ሰው እጁን እያየ ሲጠባበቅ እጁ መንቀጥቀጡ እንደማይቀር የሚነግረው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ግን ለማን ተናግሮ!

መኪናዋንም ፈትሿል፤ ፈተሸ ከተባለ። ለብቻው ሆኖ ክሪክ አስገብቶ የፊት ጎማዋን አነሣ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቃት፣ አልተነቃነቀችም። "ይኸው፣ እሷ ምንም የላትም" አለና አወረዳት። ለወግ ያህል ነው እንጂ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። ሰኞ ባለሙያዎቹን ባለ ገደሉ ተራራ ላይ ማውጣት አለበት፤ በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በአንድ ወገን ባዶ አየር የሆነ መንገድ። ሰው ጭኖ በዚህ እጅ እዚያ እንደማይወጣ ቁርጥ አደረገ። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ለኃላፊው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ሊያስብ ሲሞክር አንድም ነገር አልመጣለትም፤ ከመንዳት በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አስነሥቶ እንደ ኤሊ እየተጎተተ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት በሽታው ወደፊት ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ፈለገ።

ወንድሙ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። ጋሼ ቀስበል ጤና ይስጥልኝ እንኳ በወጉ ሳይል አጠገቡ ተቀመጠ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተን እንዴት ነበር የጀመረህ?"

"ምኑ?"

"እጅህ።"

ወንድሙ ዞር ብሎ አየው። "ስንት ዓመት ስለ ዝናብ ስታወራኝ ኖረህ ዛሬ ምን ነካህ?"

"እኔንም ጀመረኝ" አለ ጋሼ ቀስበል። እንባው መጣና መነጽሩን የሚያጸዳ መስሎ አጎነበሰ።

ወንድሙ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቀው ጀመር።

"መቼ ጀመረህ?"

"ከወንዙ ስንመለስ። አስፋልት ላይ።"

"ወንዙ ውስጥስ?"

"እዚያማ ምኑ ይታወቃል፣ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል።"

"አስፋልቱ ላይ ሁልጊዜ ነው?"

"ሰማንያ ገደማ ስደርስ ነው። ቀስ ስል ይተወኛል።"

"ስትቆምስ?"

"ምንም የለም።"

ወንድሙ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። ጋሼ ቀስበል ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ፤ ሰውየው ግን የሚስቀው ሆዱን ይዞ ነው።

"አንተ ልጅ፣ እጅህ ፍጥነት መለኪያ አስገጠመ እንዴ?"

"እህ?"

"የእኔን እይ። ግድግዳውን አይደለም፣ እጄን እይ!" እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። "ይህች የምትንቀጠቀጠው ሥራ ስትፈታ ነው። አሁን ተመልከት።" ከዘራውን ጨበጠ፤ እጁ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ረጋ አለች። "መሪ ስይዝማ ደኅና ነበረች። ከመኪና ያወረደኝ እግሬ ነው እንጂ እጄ አይደለችም፤ ፍሬኑ ላይ ዘገየብኝ። ይህን አታውቅም፣ ጠይቀኸኝ አታውቅማ! ያንተ በሽታ ደግሞ ከወንዝ ወጥቶ፣ አስፋልት መርጦ፣ ሰማንያ ሲሞላ ብቻ የሚመጣ! እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ጎማ እንጂ ሰው አላየሁም።"

ጋሼ ቀስበል ለመናደድ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ፈትሻት ነበር እኮ" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"የመሪ ነገር ለብቻ ይፈተሻል? አንድ ሰው ከላይ መሪውን ይወዘውዛል፣ አንድ ሰው ከሥር ይይዛል። ይህን እኔው አይደለሁ እንዴ ያስተማርኩህ?"

እሱስ ነው። ግን እዚያ መሪ ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ የከለከለ ሰው ከላይ የሚወዘውዝለት ከየት ያምጣ? ጋሼ ቀስበል ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ወንድሙ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ቀድሞት ወደ መኪናዋ ሄደ። የሹፌሩን በር ከፈተና ቆሞ ጠበቀው።

"አትደግፈኝም እንዴ? ሰማይ ላይ ነው የሰቀልካት!"

ደግፎ አወጣው። ወንድሙ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም እጁን መሪው ላይ አደረገ፤ ፊት ለፊቱን አየ። ጋሼ ቀስበል የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ታኮ ደገፈ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪው እንዲፈታ ቁልፉን ብቻ አዞረ። ከዚያ ማዳበሪያ አንጥፎ በጀርባው ከሥር ገባ።

"በል ወዝውዝ! ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ።"

ከላይ መሪው ተወዘወዘ። ጋሼ ቀስበል የመሪው ዘንግ ከቀኝ ጎማ ጋር የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ በጣቶቹ ጨበጠ። ዘንጉና ጎማው አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ። ደኅና ነው። ወደ ግራው ተሳበ። እዚያ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ላስቲክ ተቀድዷል፤ ዘንጉ ላይ የድንጋይ ጭረት አለ፤ መገጣጠሚያውን ደረቅ ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ይዞታል። ጭቃውን በጥፍሩ ፈልፍሎ አወጣና ያዘው።

"ድገመው!"

ቋ። በጆሮው ሳይሆን በጣቱ ነው የሰማው። ዘንጉ ይሄዳል፣ ጎማው ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። ቋ፣ ቋ። አንገቱን ቀና ሲያደርግ ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት ቸርኬ ውስጥ በአንድ ወገን ብቻ ክምር ጭቃ ደርቆበታል። ሚዛኑ የተዛባ ጎማ፣ የላላ መገጣጠሚያ፣ ሰማንያ ፍጥነት። እንኳን መሪ ግንብ ይንቀጠቀጣል!

እጁን አየው። ግራሶና አፈር የለበሰ እጁ መገጣጠሚያውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፍንክች አይልም። ጋሼ ቀስበል እፎይ አለ፤ ያን ሰሞን ሙሉ ያልተነፈሰውን እዚያች መኪና ሥር ተነፈሰው። ሊጮህ ፈለገ። ሚስቱን በስልክ ጠርቶ ሻይ አፍዪ ሊላት ፈለገ። "አገኘሁት!" ሊል አፉን ሲከፍት ከላይ ድምፅ ሰማ።

ወንድሙ እያንጎራጎረ ነው። ራሱ ጋሼ ቀስበል መንገድ ላይ የሚያንጎራጉራትን ዜማ፤ ለካ ከመሪው ጋር የወሰዳት ከእሱ ነው። መሪው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ሳይቸኩል ይወዘወዛል።

ጋሼ ቀስበል አፉን ዘጋ።

"አገኘኸው?" አለ ወንድሙ ከላይ።

"ገና ነኝ። ቀጥል።"

ወንድሙ ቀጠለ። ጋሼ ቀስበል በጀርባው ተኝቶ፣ የሚፈልገው ነገር እጁ ውስጥ ገብቶ፣ መሪው ሲሄድ ሲመለስ አዳመጠ። ቆይቶ ዜማው ቆመ።

"አንተ ልጅ፣ ካገኘኸው ቆየህ አይደል?"

"አዎ፣ ወንድም ጋሼ።"

"አውቄያለሁ" አለ ወንድሙ። "እንግዲያው አንዴ ልድገመውና እወርዳለሁ።"

ከሰዓት መካኒኩ አዲስ መገጣጠሚያ ገጠመ፣ ጭቃውን ከቸርኬው አስወጣ፣ የጎማዎቹን ሚዛንና አቅጣጫ አስተካከለ። ጋራዡ ሲደርሱ በሩ ላይ መካኒኩ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ጋሼ ቀስበል ቁልፉን ወርውሮለት ነበር፤ ሰውየው አላምን ብሎ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች አስፋልት ላይ ወጡ። ሰባ ሆነ፣ ሰማንያ ሆነ፣ ዘጠና ሆነ። መሪው ጸጥ አለ። ጋቢና ውስጥ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ወንድሙ መለኪያውን አየና "ቀስ በል" አለው።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ፊቷን እንዳኮሳተረች ሻይ አቀረበች፤ ለባሏም ሳትጠየቅ ግማሽ ቀዳችለት።

"ሙዪው" አለ።

"እስከ የት?"

"እስኪፈስ።"

አንድ በአንድ ነገራት። ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሻዬ መሮህ መስሎኝ!" ብላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ሳቀች። ጋሼ ቀስበል ጢም ብሎ የተሞላውን ብርጭቆ አንሥቶ ጠብታ ሳያፈስ ጠጣ። ሚስቱ ያንኑ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደ ወንድሙ ብርጭቆ ዞረች።

ወንድሙ በሚንቀጠቀጥ መዳፉ ብርጭቆውን ከደን አደረገ። "ለእኔ ግማሽ ይበቃል" አለ እየሳቀ። "እኔ የእውነቴን ነው።"

ጋሼ ቀስበል በዚህ ጊዜ ግድግዳውን አላየም። የወንድሙን እጅ አየ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋውና "በል ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ" አለው።